ዊዝድሮው ከመሙላትሽ በፊት

የምክር ዓምድ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ይኸው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዓመት የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። የምማረው ከቤተሰቦቼ ራቅ ያለ ከተማ ነው። አባቴ ግንበኛ ነው። እናቴ ኮምቦልቻ ጉሊት ትቸረችራለች። ሲቪልን የመረጥኩት አባቴ ስለፈለገ ነው። እኔ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግጥምና አጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ሌክቸር ላይ ራሱ ከደብተሬ ጀርባ እጽፋለሁ። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ይብስብኛል። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ዲ አመጣሁ። አሁን ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ፎርም) ሞልቼ ቲያትር፣ ሥነ ጽሑፍ ወይም ሌላ አርት መማር እፈልጋለሁ። ዶርሜ ‹አብደሻል? አርት ተምረሽ ምን ልትበዪ ነው?› አለችኝ። አንድ ጊዜ የካምፓሱ ክበብ ላይ ታሪክ ሳነብ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላሳየሁም። አባቴን እንዴት ልንገረው? ደግሞስ መጻፍ በትምህርት ይመጣል ወይስ ከላይ የተሰጠው ብቻ ነው የሚጽፈው? ያን ቀን ያነበብኩትን ታሪክ አያይዤልዎታለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ። — ከደብተር ጀርባ»

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ በፊት ያነበብኩት ታሪክሽን ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ እርሳስ ይዤ። እውነቱን ይንገሩኝ ስላልሽ ከእሱ ልጀምር።

የመጀመሪያውን ገጽ አውጪው። «ፀሐይ ደም ለብሳ ስታዘቀዝቅ» ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ከዚያ «መራራው የሕይወት ጉዞ» ይመጣል። ከዚያ «የኑሮ ውጣ ውረድ» ይከተላል። እነዚህ ያንቺ አይደሉም። ከሬዲዮ፣ ከፌስቡክ፣ ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ በጆሮሽ ገብተው በእጅሽ የወጡ ናቸው። ሁላችንም እንዲህ ነው የጀመርነው፤ አትፈሪበት። ግን አንድ ገጽ ሙሉ አንብቤ አንቺን አላገኘሁሽም።

ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ መብራት ይጠፋል። እናትየው የቀኑን ሽያጭ ልትቆጥር ነው። ሻማ አታበራም፣ ሻማም ገንዘብ ነውና። የመቀነቷን ቋጠሮ ትፈታለች። ሳንቲሞቹን በጨለማ በጣቷ ትለያቸዋለች። የአንድ ብሩን ከሃምሳ ሳንቲሙ ዳስሳ ታውቀዋለች። ልጅቷ አልጋ ላይ ተኝታ ድምፃቸውን ትቆጥራለች። እናትየው ሳትጨርስ ልጅቷ ነገ ደብተር እንደማይገዛላት አውቃለች።

እዚህ ጋ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ይህን ከማንም አልተዋስሽውም። አልጋው ላይ የተኛሽው አንቺ ነሽ። ታሪክሽ መጀመር ያለበት መብራቱ የጠፋ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ እናትየውን መኪና ገጭቶ ይገድላታል። ለምን ገደልሻት? አንባቢ እንዲያለቅስ ይመስለኛል። እኔ እንባዬ የመጣው ሳንቲሙ ጋ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን መኪና አንቺ እንደላክሽው ያስታውቃል። እናትየው ትኑር። ጠዋት ተነስታ ወደ ጉሊቷ ትሂድ። ልጅቷም ያለ ደብተር ትምህርት ቤት ትግባ። ይኼ ከሞቱ በላይ ይከብዳል፣ ለመጻፍም ይከብዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። እናትየው በጨለማ ለልጇ «ልጄ ሆይ፣ ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው» ትላታለች። የትኛዋ እናት ናት በዚያ ሰዓት እንዲህ የምታወራው? አንቺ ያደግሽው ኮምቦልቻ ነው። እዚያ «አብሽሪ» የሚባል ቃል አለ። ማጽናኛ ነው። ዝም በይም ይሆናል። የለኝም ለማለትም ያገለግላል። እናትየው «አብሽሪ» ብላ ብቻ ዞር ብትል፣ ያ ሁሉ ንግግር አያስፈልግሽም ነበር። የናትሽን አፍ ለናትሽ መልሺላት።

አየሽ፣ ይህን ሁሉ የነገርኩሽ ለሙገሳም ለወቀሳም ብዬ አይደለም። መጻፍ በትምህርት ይመጣል ወይ ላልሽው መልሱ ይኼው ስለሆነ ነው። ያየሽውን ማየት ማንም አላስተማረሽም። የመጀመሪያውን ገጽ መጣል፣ መኪናውን ማስቀረት፣ ንግግሩን ማሳጠር ግን ሰው ሊያሳይሽ ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን ማንም ሳያሳይሽ ራስሽ ታደርጊዋለሽ።

ደግሞ በዚህ ጥያቄ ብዙ መቸገር የሌለብን እኛ ነን። በአገራችን ድርሰት ለዘመናት በትምህርት ሲሰጥ ኖሯል። ቅኔ ቤት ሌላ ምንድን ነው? ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ ዋድላ ወይም ዋሸራ ወይም ጎንጅ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። እንደደረሰ መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ አምጣ አይሉትም። መወድስ ስምንት ቤት ነው። የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እነዚያን ሁለት መስመሮች ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ምሥጢሩ ካልገጠመ፣ ቤቱ ከጎደለ መምህሩ ያርመዋል። ጓደኞቹ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። በሱ መታረም እነሱም ይማራሉ። ነገ ደግሞ ሌላ ሁለት መስመር ይዞ ይመጣል። ተሰጥኦ ያለውም የሌለውም የሚገባው በዚያችው በር ነው።

አሜሪካ ውስጥ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የደራሲያን ወርክሾፑን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ የፈጠራ ጽሑፍ ፕሮግራሞች አርአያ አድርገውታል። እዚያ ምን ይደረጋል? ተማሪው ጽሑፉን ቀድሞ ያድላል። ክፍሉ ተሰብስቦ ይነጋገርበታል። ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይሰማል። መምህሩ ይመራል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ቅኔ ቤቱ ነው። የኛው ደራሲ ዳኛቸው ወርቁም አዮዋ ሄዶ ነበር።

ስለዚህ አንቺ የጎደለሽ ከሁሉ በፊት መምህርና ጓደኛ ነው። ለሦስት ገጽ ታሪክ እስከ ዛሬ የደረሰሽ ምላሽ የዶርምሽ «አብደሻል» እና ከኋላ የተሰማ ሳቅ ብቻ ነው። በዚህ ማንም አይማርም።

ስለ ሳቁት ልጆች እንድትጠይቂው የምፈልገው ነገር አለ። የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የሳቁት? ታስታውሻለሽ ብዬ እገምታለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። ፀሐይዋ ደም ስትለብስ ከሆነ፣ ስድ ናቸው ግን ጆሯቸው አልተሳሳተም። ሳንቲሙ ጋ ከሆነ ግን አልሰሙሽም፣ እርሺያቸው። በሁለቱም መንገድ ወደዚያ ክበብ ተመለሺ። የካምፓስ መድረክን አትናቂው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገና ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እያለ፣ በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ግጥም ያነቡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. «ደሃው ይናገራል»ን ያሰማው በዚያ መድረክ ነው። ያም ተማሪ ነበር፤ እንዳንቺ።

አሁን ወደ ዊዝድሮው።

አሁን አትሙዪ። ይህን ስልሽ ኢንጂነሪንጉን ጨርሺ ማለቴ አይደለም። ሌላ ቦታ ሳትይዢ አትውጪ ማለቴ ነው። በሴሚስተሩ መሃል ወጥተሽ ኮምቦልቻ ብትገቢ ዶርም የለም፣ ካፌ የለም፣ ላይብረሪ የለም። ጉሊት ላይ እናትሽን ስታግዢ ትውያለሽ፤ ማታ ደክሞሽ ትተኛለሽ። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ያደረገች ጓደኛ ነበረችኝ። ለመጻፍ ብላ አቋርጣ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት አንድ መስመር አልጻፈችም። ሰነፍ ሆና አይደለም። የምትቀመጥበት ቦታ ስላጣች ነው።

ይልቅ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ድረስ ሬጅስትራር ሄደሽ በደንብ ጠይቂ። ዩኒቨርሲቲያችሁ የምትፈልጊው ዲፓርትመንት አለው? የውስጥ ዝውውር የሚከፈተው መቼ ነው? ስንት ሲጂፒኤ (አጠቃላይ አማካይ ውጤት) ይፈልጋል? ከወሰድሻቸው ኮርሶች የሚያዝልሽ የትኛው ነው? ደንቡ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ የኔን ወሬም የሲኒየሮችን ወሬም አትመኚ። መስኮቱ ጋ ቆመሽ ከሚመለከተው ሰው ስሚ። ብዙ ጊዜ ከተፈጥሮ ሳይንስ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ መሻገር ከተቃራኒው ይቀላል። ግን ዝውውር ሲጠየቅ ግሬድ ይታያል። ያቺ ዲ ወደ አርት መሄጃሽንም ትዘጋብሻለች። ከኢንጂነሪንግ ለመውጣት እንኳ ኢንጂነሪንጉን ማጥናት አለብሽ። ይኼ እንደማያስደስትሽ አውቃለሁ።

አንድ ሌላ ነገርም ከደብዳቤሽ አላለፈኝም። ፈተና ሲደርስ ይብስብኛል ብለሻል። ይህን በጥሞና እይው። ሰው የሚሸሸው ነገር ሲኖር መጻፍ ጥሩ መሸሸጊያ ነው። እኔም ተደብቄበታለሁ። ግን ከማትስ መሸሽና ለጽሑፍ መኖር ለየቅል ናቸው። ለማወቅ አንድ መንገድ አለ። ክረምቱ ሲመጣ፣ ፈተናም ዲም ሳይኖር፣ ማንም ሳያስገድድሽ፣ እያንዳንዱን ጠዋት አንድ ሰዓት ትቀመጪያለሽ? ያልተጠናቀቀውን ትጨርሺያለሽ? የተጠናቀቀውን ደግመሽ ታፈርሺዋለሽ? ከተቀመጥሽ በመስከረም የምታደርጊውን ራስሽ ታውቂዋለሽ። ካልተቀመጥሽም ምንም አላጣሽም። በቦታሽ ነሽ።

ደግሞ «ቲያትር፣ ሥነ ጽሑፍ ወይም ሌላ አርት» ያልሽው አሳስቦኛል። እነዚህ የተለያዩ ኑሮዎች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ከተጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚያ የሚገባ ሰው ተውኔት ብቻ ጽፎ አይወጣም። መድረክ ላይ ይቆማል፤ ድምፁንና ሰውነቱን ያሠለጥናል፤ ያዘጋጃል፤ ጓደኛው ሲያዘጋጅ መጋረጃ ይጎትታል። ብቻሽን መሆን የምትወጂ ከሆነ ይከብድሻል። ሰው መሃል መሥራት የሚያነቃሽ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም፤ ያንን «ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው» የሚል ንግግር አንድ ተዋናይ አፉ ውስጥ ሲያስገባው ምን ያህል እንደሚጎረብጥ በዕለቱ ታይዋለሽ። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። የምትሥዪ ወይም የምትጫወቺ ካልሆነ ስማቸው ብቻ አይጥራሽ።

ሥነ ጽሑፍ ዲፓርትመንት ደራሲ የሚመረትበት የሚመስላቸው ብዙ ልጆች አሉ። እኔም መስሎኝ ነበር የገባሁት። አብዛኛው ኮርስ ስለ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ታሪኩ፣ ንድፈ ሐሳቡ፣ ሒሱ፣ ቋንቋው፣ ፎክሎሩ። የመጻፍ ኮርስ ጥቂት ነው፤ ክፍሉም ስለሚሞላ መምህሩ የሁሉንም እያነበበ ማረም ይቸገራል። እኔ በተማርኩባቸው ዓመታት የራሴ ታሪክ በክፍል ውስጥ መስመር በመስመር የታረመው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም እስከ ዛሬ አስታውሳቸዋለሁ። ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ማንበብ ተማርኩ። አንድ ልብ ወለድ ለምን እንደያዘኝ፣ የት ላይ እንደለቀቀኝ መናገር ቻልኩ። የሚያነብቡ ጓደኞችም አገኘሁ። እስከ ዛሬ የምጽፈውን ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ይህን ለማግኘት ከሆነ የምትሄጂው፣ ሂጂ። ደራሲ አድርጎ እንዲያስመርቅሽ ከሆነ ግን ይከፋሻል።

መሞከርም ትችያለሽ። ካምፓሳችሁ ውስጥ የአማርኛ ወይም የሥነ ጽሑፍ ዲፓርትመንት ካለ መምህሩን አስፈቅደሽ ከኋላ ቁጭ በይ። አብዛኞቹ መምህራን አይከለክሉም፤ እንዲያውም ሳይመዘገብ ሊማር የመጣ ተማሪ ያስደስታቸዋል። ሁለት ሳምንት ተቀምጠሽ ከሰለቸሽ በነፃ አወቅሽ።

የገቡበትን ዲፓርትመንት ያልጨረሱም የጨረሱም ጸሐፊ ሆነዋል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የገባው ግብርና ሊያጠና ነበር። ትቶ ወጣ። ኋላ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ፤ ተመልሶም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ግጥሞቹን ደግሞ አንቺም ሳታውቂያቸው አልቀረሽም። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገውን ዶክተር አብርሃም ቨርጊስን እይው። ሕክምና እዚህ ጀመረ፣ ሕንድ ጨረሰ። ሐኪም ሆኖ ከሠራ በኋላ ነው አዮዋ ገብቶ መጻፍ የተማረው። ሕክምናውን አልተወውም፤ መጻሕፍቱም ከሆስፒታል አይርቁም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሕግ አጥንቶ ነው ወደ ቲያትር የዞረው። እነዚህን የምጠራልሽ አንቺም እንደነሱ ትሆኛለሽ ለማለት አይደለም። «ኢንጂነር ከሆንኩ ጸሐፊነቴ ይሞታል» የሚለው ፍርሃትሽ ትንሽ እንዲቀልልሽ ነው። አንድ ሲቪል ኢንጂነር ሳይት ላይ የሚያየውን ስንት ደራሲ አይቶታል? የቀን ሠራተኞቹን፣ ሲሚንቶ ተሸካሚ ሴቶቹን፣ ቅዳሜ ደመወዝ ሲከፈል የሚሆነውን? ይህን ዓለም ካንቺ በላይ የሚያውቅ ብዙ ጸሐፊ የለም። አባትሽ ግንበኛ ነው።

«ምን ልትበዪ ነው?» ላለችሽ ልጅ ደግሞ ቶሎ ልመልስ። በመጽሐፍ ብቻ የሚኖር ሰው አገራችን ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው ደራሲ የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ወረቀት ውድ ነው፤ አከፋፋዩም ከሽፋን ዋጋው ላይ ደህና ድርሻ ይወስዳል። ጸሐፊዎች የሚበሉት በሌላ ነው። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድራማ ይጽፋሉ፤ የማስታወቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ፤ ይተረጉማሉ፤ የሰው ጽሑፍ ያርማሉ፤ ያስተምራሉ። እኔ ቤት ኪራይ የምከፍለው በአርትዖት ነው። አያበለጽግም። ግን ቀኑን ከቃል ጋር እውላለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ያዢልኝ። ወጣት ሳለሁ ለአንድ የፕሮግራም አዘጋጅ የአሥራ ሁለት ክፍል የሬዲዮ ድራማ ጽፌ በቃል ብቻ ተስማምቼ ሰጠሁ። ተላለፈ። ስሜ አልተጠራም፤ የተባለው ገንዘብም አልመጣም። የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። አንቺ እንዲህ አትሁኚ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አለ። ሥራሽ ተጽፎ ከተቀመጠ ጊዜ ጀምሮ ያንቺ ነው። እስካለሽ ድረስና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስምሽ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት አለሽ። ለሰው የማሳተም ወይም የማሠራጨት መብት ስትሰጪ በጽሑፍ ይሁን፤ አንድ ገጽም ቢሆን፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው። የክበቡ ድራማ ቢሆንም፣ የምትወጂው ጓደኛሽ ቢሆንም።

አሁን አባትሽ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ስለሱ የጻፍሽው ሁለት መስመር ነው። ግንበኛ ነው፣ ሲቪል ያስመረጠኝ እሱ ነው። በቃ። እናትሽን እንዳየሻት እሱንም ብታዪው ደስ ይለኛል። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይና ብሎኬት ደርድሯል። ጠዋት ነጭ ሄልሜት አድርገው የሚመጡ ልጆች ወረቀት ዘርግተው «ይኼን አፍርሰው» ብለውታል። አንዳንዴ ትክክል ነበሩ። አንዳንዴ እሱ ነበር ትክክል፤ ግን ወረቀቱ የነሱ ነው። አንድ ቀን ልጁ ያንን ወረቀት ይዛ እንድትመጣ መፈለጉ ይገባኛል። ሳይት ላይ «ልጄ ሲቪል ናት» ሳይል የዋለበት ቀን ያለ አይመስለኝም። አንቺ «አልፈልገውም» ስትዪ እሱ የሚሰማው ስለ ኮርስ ምርጫ አይደለም። አሥር ዓመት የተሸከመው ነገር ከእጁ ሲወድቅ ነው።

ስለዚህ በስልክ አትንገሪው። በቴክስትማ በፍጹም። ክረምት ስትመለሺ በአካል ተናገሪ። ከዚያ በፊት ግን ታሪኩን ለእናትሽ አንብቢላት። ቤተሰብሽ ውስጥ የመጀመሪያዋ አንባቢ እሷ መሆን አለባት። መቀነቷን፣ ጣቶቿን፣ ማጣቷን ነው የጻፍሽው። ቅር የሚላት ነገር ካለ ማወቅ አለብሽ። ላይላትም ይችላል። ምናልባትም «እንዲህ አልነበረም፣ እንዲህ ነበር» ብላ ታርምሻለች። ያኔ የመጀመሪያሽን መምህር አገኘሽ ማለት ነው።

ከዚያ አባትሽን። ብቻሽን ካስፈራሽ፣ እሱ የሚሰማው አጎት ወይም የሥራ ጓደኛ አይጠፋም። ቀድሞ አንድ ቃል እንዲጥልልሽ አድርጊ። ይህ ፈሪነት አይደለም፣ በኛ ቤት ትልቅ ነገር እንዲህ ነው የሚነገረው። ስትቀመጡ ባዶ እጅሽን አትቅረቢ። ከሬጅስትራር ያጣራሽውን ያዢ። ያስተካከልሽውን ግሬድ ያዢ። ዝውውሩ ባይፈቀድ ሲቪልን እየተማርሽ እየጻፍሽ እንደምትቀጥዪ ንገሪው፤ የምታደርጊው ከሆነ ብቻ ነው የምትነግሪው። ከዚያ ታሪኩን አንብቢለት። ማንበብ የማይወድ ሰው ከሆነ ጮክ ብለሽ። የመጀመሪያውን ገጽ እንዴት እንዳፈረስሽው አሳዪው። ቱምቢ የሚይዝ ሰው ነው፤ የተንጋደደ ግድግዳ ካልፈረሰ እንደማይቃና ላንቺ አይነግርሽም? ይኼን ሥራ ያውቀዋል።

ሊቆጣ ይችላል። አንድ ሳምንት ላያናግርሽ ይችላል። ቻዪው። አትጩሂበት፣ «የኔ ሕይወት ነው» አትበዪው። እውነት ቢሆንም ያን ቀን አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት ተነስተሽ ስትጽፊ ይይሽ። ሥራ የሚወድ ሰው፣ ሌላ ሰው ሲሠራ ካየ ውሎ አድሮ ይለሳለሳል። ሁሉም አባት ይለሳለሳል ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ግን ስላንቺ አባት ሁለት መስመር ብቻ ነው የማውቀው፤ ሌላውን አንቺ ፈትሺው።

እስከዚያ ድረስ ሁለት ሰው ፈልጊ። ሁለት ይበቃል። አንዱ የሚጽፍ፣ አንዱ የሚያነብ። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሁለት ገጽ ይዛችሁ ካፌ ጀርባ ወይም ላይብረሪ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ። ሌሎቹ «ጥሩ ነው» ማለት ይከልከሉ። የት ላይ እንደያዛቸው፣ የት ላይ እንደሰለቻቸው ብቻ ይናገሩ። ያነበበው ዝም ብሎ ይጻፍ፣ አይከራከር። ሰው ካጣሽ ዶርምሽን ሞክሪያት። «አብደሻል» ያለችሽ እኮ ስለምታስብልሽ ነው፤ መጥፎ ልጅ አልመሰለችኝም። ምናልባት የሳንቲሙን ገጽ አንብባው አታውቅም። አዲስ አበባ የመምጣት ዕድል ካገኘሽ ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) የመጽሐፍ ውይይት ሲኖር ገብተሽ ቁጭ በይ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አራት ኪሎ ላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ብታነቢ ማንም ተነሺ አይልሽም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ጻፊልኝ። ስለ ዝውውሩ የተነገረሽን በአጭሩ ንገሪኝ። ከዚያ ግን ሁለተኛውን ገጽ እንደገና ጽፈሽ ላኪልኝ፤ መብራቱ ሲጠፋ ይጀምር። እናትየው ሳንቲሞቹን ቆጥራ ስትጨርስ ቋጠሮዋን እንዴት እንደምታስረው ግን አልነገርሽኝም። አጥብቃ ነው ወይስ ላላ አድርጋ?